ጳጳስ ከየት ይመጣል? ከላስታ እስከ ጋምቤላ

በላስታ፣ ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሰንሰለት ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ አሸተን ማርያም አለች። ከዐለት የተፈለፈለች ናት፤ ትውፊቱ ሥራዋን ከንጉሥ ላሊበላና ከነአኩቶ ለአብ ጋር ያያይዘዋል። ስለ ፍልፍሏ ብዙ ተነግሯልና ዛሬ ወደዚያ አልገባም። የዛሬው ርእሳችን አስተዳደር ነው። አንዲት ቤተ ክርስቲያን ጳጳሷን ከየት ታገኛለች? ማን ይሾመዋል? ቀለቡን ማን ይችላል? በየትኛው ቋንቋ ያስተምራል? ለዚህ ትምህርት ማሳያ አድርጌ የያዝኩት በቆላው በጋምቤላ ያለውን የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሀገረ ስብከት ነው። አንግሊካን የምንላት መነሻዋ እንግሊዝ የሆነችው፣ ዛሬ ግን በመላው ዓለም የተሠራጨችው ቤተ ክርስቲያን ናት።

ለላስታ ሰው የጋምቤላ አንግሊካን ምኑ ነው የሚል አድማጭ ይኖራል፤ ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ጋምቤላን የገጠማት ጥያቄ ከ900 ዓመት ገደማ በፊት በዚሁ በላስታ፣ በዛጔ ነገሥታት አደባባይ ተነሥቶ ነበር። እንዲያውም ከማንም በፊት ጥያቄውን አጥርቶ ያየው አንድ የዛጔ ንጉሥ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳግማዊ ገብርኤል የእስክንድርያ ፓትርያርክ በነበረበት ዘመን፣ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1131 እስከ 1145 ባለው ጊዜ (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ከግብጽ የመጣውን ጳጳስ አቡነ ሚካኤልን ኤጲስ ቆጶሳት እንዲጨምርለት ጠየቀው። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይህ ንጉሥ የላሊበላ ወንድም ሐርቤ ነው ይላሉ። የተለመደው ቁጥር ሰባት ነበር፤ ንጉሡ ከዚያ በላይ ፈለገ። አቡኑ ያለ ፓትርያርኩ ፈቃድ አይሆንም አለ። ንጉሡም አልተወም፤ ለፓትርያርኩም፣ ግብጽን ይገዛ ለነበረው ኸሊፋም ደብዳቤ ላከ። ኸሊፋው መጀመሪያ ላይ ነገሩ ቀላል መስሎት ይፈቀድለት አለ። ፓትርያርኩ ግን ምሥጢሩን አስረዳው፦ ቁጥራቸው አሥር ከሞላ የራሳቸውን ሊቀ ጳጳስ ለመሾም ይበቃሉ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ እስክንድርያ የሚመልሳቸው ነገር አይኖርም። ጥያቄው በዚህ ምክንያት ውድቅ ሆነ። ይህን መዝግበው ያቆዩልን የግብጽ ቤተ ክርስቲያን ጸሐፊዎች ራሳቸው ናቸው፣ የፓትርያርኮች ታሪክ በሚባለው መጽሐፋቸው።

ለምን ቁጥር ያን ያህል ከበደ? በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ በ4ኛው ቀኖናው ጳጳስ በአውራጃው ጳጳሳት ሁሉ፣ ካልተቻለም ቢያንስ በሦስት ጳጳሳት እጅ እንዲሾም ወስኗል። ይህን ሕግ ኦርቶዶክሱም፣ አንግሊካኑም፣ ካቶሊኩም እኩል ይጠብቀዋል። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ጳጳስ ብቻ ያላት አገር ጳጳስ መውለድ አትችልም። ያ አንድ ጳጳስ ሲያርፍ ደጅ ጥናት ነው። ሽማግሌዎች ወርቅና እጅ መንሻ ይዘው በረሃና ባሕር ተሻግረው ካይሮ ይሄዳሉ፤ የተላከው አባት በሰላም ከገባ አገር እሰይ ይላል። መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ አገሪቱ ያለ ጳጳስ ዓመታት ትቆጥራለች። ጳጳስ ከሌለ ቄስም ዲያቆንም የሚሾም የለም። ቄስና ዲያቆን ካልተተካ ደግሞ ቅዳሴ ይታጎላል።

በ1520ዎቹ ኢትዮጵያ የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ጎብኝቶ የጻፈው ሰው፣ የዘመኑ ጳጳስ አቡነ ማርቆስ ክህነት ሲሰጡ በዓይኑ አይቷል። በአንድ ቀን ከ2000 በላይ ሰዎች ክህነት ሲቀበሉ ነው ያየው። ያ ሁሉ ሕዝብ ከየአገሩ ስንቁን ቋጥሮ በእግሩ የመጣ ነው። የአቡኑ ቋንቋ ሌላ፣ የተሿሚው ቋንቋ ሌላ ነበር። አንድ አረጋዊ አባት ያን ሁሉ ሰው አንድ በአንድ መርምሮ፣ ትምህርቱንና ምግባሩን መዝኖ ሊሾም እንደማይችል ግልጽ ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የአቡኑ አልነበረም። ለአንድ ሰው ከአቅሙ በላይ አገር ተሰጥቶት ነበር።

ንጉሥ ላሊበላም ከዚሁ ጣጣ አላመለጠም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ከግብጽ የመጣው ሌላው አቡነ ሚካኤል ከቤተ መንግሥቱ ጋር ተጣልቶ ወደ ካይሮ ተመለሰ። አቡኑ በፓትርያርኩ ፊት፣ የንግሥት መስቀል ክብራ ወንድም ሥልጣኔን ነጠቀኝ ብሎ ከሰሰ። ንጉሡ ደግሞ መልእክተኛ ልኮ የበደለው አቡኑ ነው አለ። ፓትርያርኩ የሁለቱንም ሰምቶ ይስሐቅ የተባለ ሌላ አባት ሾሞ ላከ። ከላስታ የተነሣ ክርክር በዳኝነት የታየው ካይሮ ላይ ነው ማለት ነው።

ይህ ሥርዓት በሕግ መጽሐፍም ታስሮ ነበር። ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት መካከል ፓትርያርክ እንዳይሾሙ የሚከለክል አንቀጽ በኒቅያ ጉባኤ ስም ፍትሐ ነገሥት ውስጥ ገብቶ ለዘመናት ተነቧል። የኒቅያ ጉባኤ ያወጣቸው ቀኖናዎች ግን 20 ናቸው፤ ይህ ክልከላ ከእነሱ ውስጥ የለም። ማሰሪያው የተፈታው ቀስ በቀስ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ካይሮ ላይ ጳጳሳት ሆኑ። ሐምሌ 18 ቀን 1940 ዓ.ም. አምስት ተጨመሩ። ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። ከመጀመሪያው ጳጳስ ከፍሬምናጦስ፣ ማለትም ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ ብንቆጥር 1600 ዓመት ገደማ ፈጅቷል።

አሁን ወደ አንግሊካኖቹ ልሻገር። በእነሱ ሥርዓት የተሟላ ሀገረ ስብከት የሚባለው የራሱ ሲኖዶስ ያለው ነው። እኛ አገር ሲኖዶስ ስንል የጳጳሳትን ጉባኤ ነው፤ በእነሱ ዘንድ ግን ከጳጳሱ ጋር የካህናትና የምእመናን ተወካዮችም ይቀመጣሉ፣ ድምፅም ይሰጣሉ። በብዙ አገር ጳጳስ የሚመረጠው በዚህ ጉባኤ ነው። በጀት የሚጸድቀውም በዚሁ ነው። አጥቢያዎች ከገቢያቸው የድርሻቸውን ያዋጣሉ፣ ከዚያ የካህናት ደመወዝ ይከፈላል። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጳጳስ የሆነው የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ በክብር ቀዳሚ ነው እንጂ በሌላ አገር ሀገረ ስብከት ገብቶ የማዘዝ ሥልጣን የለውም።

ሚሲዮናዊ ሀገረ ስብከት የሚባለው ይህ ሁሉ ገና ያልተሟላለት ነው። ምእመኑ ጥቂት ነው፤ ወይም ብዙ ሆኖ ድኻ ነው። አገሩ ሰፊ ነው፤ ካህናቱ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ ጳጳሱ ከላይ ተሹሞ ይላካል፤ ወጪው በአብዛኛው ከውጭ በሚመጣ ድጋፍ ይሸፈናል፤ ጉባኤው ገና በመቋቋም ላይ ነው። አሳቡ ጊዜያዊ እንዲሆን ነው፤ ራሱን እስኪችል ድረስ። እኔ የምለው፣ ይህ ዓይነት ሀገረ ስብከት የሚመዘነው ስንት ትምህርት ቤትና ስንት ክሊኒክ ከፈተ ተብሎ ብቻ መሆን የለበትም። ራሱን የሚችልበትን ቀን ምን ያህል አቀረበው የሚለውም መጠየቅ አለበት።

የአንግሊካኖች እግር ኢትዮጵያን የረገጠው ጋምቤላ ላይ አይደለም። የለንደኑ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር የላካቸው ሳሙኤል ጎባትና ክርስቲያን ኩግለር በ1830 ትግራይ ገቡ፤ የዓጋሜው ደጃዝማች ሱባጋዲስ ተቀበሏቸው። የያዙት መመሪያ አዲስ ቤተ ክርስቲያን እንዲተክሉ ሳይሆን ነባሯን በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት እንዲያነቃቁ ነበር። በእጃቸው የነበረው የአማርኛ ወንጌልም የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው፤ አባ አብርሃም ወይም አቡ ሩሚ የተባሉ መነኩሴ ካይሮ ላይ ተርጉመውት፣ ወንጌላቱ በ1824 ታትመዋል። ጎባት እስከ ጎንደር ዘልቆ ከሊቃውንቱ ጋር ተከራክሯል። በኋላ በ1846 በኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ ሆነ። አሿሿሙን ልብ በሉልኝ፦ የኢየሩሳሌምን ጳጳስ የእንግሊዝ ዘውድና የፕሩስያ ንጉሥ በየተራ ነበር የሚያጩት፤ ጎባት በፕሩስያው ንጉሥ ተራ ገባ። የኢየሩሳሌም ምእመናን አልተጠየቁም። ያም ሆኖ በዴር ሡልጣን የነበሩትን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በመከራቸው ጊዜ ደግፏል፤ ይህን ውለታ መዘንጋት አይገባም።

ከእሱ በኋላ የመጣው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘንድ ቆይቶ በ1842 ወደ ሰሜን ሲጓዝ ወሎ ላይ ያለ የሌለ ንብረቱን ተዘረፈ፤ ከዚያ በየጁና በላስታ በኩል አድርጎ ወደ ምፅዋ ወረደ። ሚሲዮኑ በዚያ ዘመን አልዘለቀም። ዋናው ምክንያት እኔ እንደማየው ግልጽ ነው። ነባር ቤተ ክርስቲያን ባላት አገር፣ የሕዝቡን ጾምና የእመቤታችንን አማላጅነት የሚነቅፍ መምህር፣ ቅን አሳብ ቢኖረውም እንኳ፣ ጆሮ አያገኝም።

ከዚያ የመቅደላው ዘመቻ መጣ። የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር በላት፣ በዋድላና በደላንታ አድርጎ መቅደላ ደረሰ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሠዉ። ከመቅደላ መድኃኔ ዓለም ንዋየ ቅድሳትና ታቦታት ተዘርፈው ተወሰዱ። ከእነዚያ አንዱ ታቦት በስኮትላንድ፣ በኤድንብራ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ በ2001 ተገኘ፤ ይህች ቤተ ክርስቲያን ከአንግሊካኖች ኅብረት ወገን ናት። ካህኑና ጉባኤው አላመነቱም፤ በ2002 ታቦቱ አዲስ አበባ ገባ፣ ሕዝቡም በእልልታ ተቀበለው። ሌላው በለንደን ዌስትሚንስተር አቢ መንበር ውስጥ ተዘግቶበት ኖሯል። ይህ ደብር በየትኛውም ጳጳስ ሥር የማይተዳደር፣ በቀጥታ ለንጉሡ የሚጠየቅ ነው፤ ንቡረ እዱን ንጉሡ ይሾምላት የነበረችውን አክሱም ጽዮንን ያስታውሰናል። በ2024 የደብሩ አስተዳደር ታቦቱ እንዲመለስ በመርሕ ደረጃ ተስማምቷል። ወደ አገሩ ገብቶ ሳላይ አላርፍም የሚሉ ብዙ የወሎ ካህናት አሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ጋምቤላ ግን ሌላ ታሪክ ነው። እዚያ አንግሊካንነት የገባው በአብዛኛው በስደተኞች እጅ ነው። በደቡብ ሱዳን የአንግሊካን ሚሲዮናውያን ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ በዲንካና በኑዌር መካከል ሲያስተምሩ ኖረዋል። በ1980ዎቹ በሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ሕዝቡ ወደ ኢታንግና ወደ ፒኙዶ ተሰደደ፤ በ2013 መጨረሻ ደቡብ ሱዳን እንደገና ስትታመስ ሌላ የስደተኛ ማዕበል መጣ። እነዚህ ሰዎች መስቀላቸውን፣ ከበሯቸውንና መዝሙራቸውን ይዘው ነው የመጡት። ሚሲዮናዊ ሳይልካቸው፣ ማንም ሕንፃ ሳይሠራላቸው፣ በየካምፑ በዛፍ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። አኙዋኩም፣ ኦፖውም፣ መባኑም ተጨመረ።

እሑድ ጠዋት እንደዚህ ባለ አጥቢያ ብትገኙ ቤቱ ጭቃና ሣር ነው። መሬቱ ተጠርጎ ውሃ ተረጭቶበታል፤ ከበሮው ከሩቅ ይሰማል። የሚመራው አብዛኛውን ጊዜ ቄስ አይደለም፤ እንዲያነብና እንዲያስተምር የተፈቀደለት ምእመን ነው፣ በሳምንቱ ማሳው ላይ የሚውል ገበሬ። ቄሱ ብዙ አጥቢያ ስላለበት ሥጋ ወደሙ የሚቀርበው እሱ በተራው ሲደርስ ነው። ልጆቹ የተጠመቁ ናቸው፤ የጳጳስ እጅ ተጭኖባቸው የሚጸኑት ግን ጳጳሱ ሲመጣ ነው። በእኛ ሥርዓት ቄሱ ሜሮኑን በጥምቀት ዕለት ይቀባል፤ በእነሱ ይህ ለጳጳስ ብቻ የተጠበቀ ነው። ጳጳሱ ደግሞ በክረምት የባሮ ወንዝ ሲሞላና መንገዱ ማጥ ሲሆን እንዳሰበው አይደርስም። አሁን የአልቫሬዝን ዘመን አስታውሱ፤ ችግሩ ያው ነው፣ አገሩ ሰፊ፣ ጳጳሱ አንድ።

ለረጅም ጊዜ የኢትዮጵያ አንግሊካኖች በግብጹ ጳጳስ ሥር ነበሩ፤ ማዕከላቸው አዲስ አበባ ያለው የቅዱስ ማቴዎስ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን እሱም በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች የሚጸልዩበት ነበር። በ2007 የዚያው ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ የነበሩት እንግሊዛዊው አንድሩ ፕራውድ የአፍሪካ ቀንድ የመጀመሪያ ረዳት ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። በ2012 የተተኩት ካናዳዊው ግራንት ለማርካንድ ኑሯቸውን ጋምቤላ አደረጉ። የአዲስ ኪዳን መምህር ናቸው፤ ባለቤታቸው ዶክተር ዌንዲ ደግሞ ሐኪም ሲሆኑ ለሴቶች የጤና ትምህርት ይሰጡ ነበር። የእናቶች ኅብረት የሚባለው የአንግሊካን ሴቶች ማኅበር በጋምቤላ የአጥቢያዎቹ ምሰሶ ነው። ማንበብ የማይችለውን ያስተምራል፤ የታመመውን ይጠይቃል፤ ኑዌርና አኙዋክ በተጋጩ ጊዜ ከሁለቱም ወገን ያሉትን እናቶች አንድ ላይ ማስቀመጥ የሚችል ሌላ መድረክ ብዙም የለም።

ጳጳስ ግራንት ትኩረት የሰጡት ግን ለካህናት ትምህርት ነው፤ ልክ ነበሩ። ጋምቤላ ላይ የተከፈተው የነገረ መለኮት ኮሌጅ ስሙ ቅዱስ ፍሬምናጦስ ነው። የእኛ አባ ሰላማ፣ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ እስክንድርያ ላይ ተሹሞ ወደ አክሱም የተመለሰው የመጀመሪያው ጳጳሳችን! በባሮ ወንዝ ዳር የኑዌርና የአኙዋክ ወጣቶች በስሙ በተጠራ ቤት ሲማሩ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የሃይማኖት ልዩነታችን አልጠፋም፤ በክህነት አሰጣጥም፣ በምሥጢራትም እንለያያለን። ግን በ2014 የአንግሊካንና፣ የእኛም ቤተ ክርስቲያን ያለችባቸው የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ተወካዮች ካይሮ ላይ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የጋራ ስምምነት ፈርመዋል። ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ለተፈጠረው መራራቅ ይህ ቀላል እርምጃ አይደለም።

ከዚያ 2020 መጣ። በአንግሊካኖች ደንብ ራሱን የቻለ ግዛት ለመሆን ቢያንስ አራት ሀገረ ስብከት ያስፈልጋል። የግብጹ ሰፊ ሀገረ ስብከት በአራት ተከፈለ፦ ግብጽ፣ ሰሜን አፍሪካ፣ የአፍሪካ ቀንድና ጋምቤላ። አራቱ ተደምረው የእስክንድርያ ግዛት ተባሉ፤ አሥር አገሮችን ያቅፋል፤ በአንግሊካኖች ኅብረት 41ኛው ነው። የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ ግብጻዊው ሙኒር ሐና አኒስ ናቸው። በሐርቤ ዘመን ፓትርያርኩ የፈራው ቁጥር አሥር ነበር፣ የእነዚህ አራት ሆነ፤ ስሌቱ ግን አንድ ነው። ቁጥሩ ሲሞላ ጳጳስ ከሩቅ ማስመጣት ይቀራል። ጋምቤላም ከአንድ የሩቅ ቅርንጫፍነት ተነሥታ በራሷ ስም የምትጠራ ሀገረ ስብከት ሆነች።

ስሙ ብቻውን ግን አያቆምም፤ የሚቀረው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ የላስታ አጥቢያዎች የሚያስተምሩት ነገር አለ። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት ደብሮቻችን በርስትና በጉልት ይኖሩ ነበር። መሬቱ ሲወሰድ ብዙዎች አለቀላቸው ብለው ነበር። ያቆማቸው በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የወጣው ቃለ ዓዋዲ ነው፤ በዚህ ደንብ እያንዳንዱ አጥቢያ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት የተመረጠ ሰበካ ጉባኤ አለው። ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት ያያችሁ ታውቃላችሁ። ቁልፉ አንድ ሰው ጋ አይቀመጥም። ቆጣሪዎቹ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ የተጨማደደው ብር በመዳፍ እየተዳመጠ በዓይነት በዓይነቱ ይከመራል፤ ሳንቲሙ ለብቻው፣ ስለት የገባው ወርቅና ብር ለብቻው። ተቆጥሮ፣ በቃለ ጉባኤ ተፈርሞ፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። የተወሰነው ፈሰስ ሆኖ ወደ ወረዳ ቤተ ክህነትና ወደ ሀገረ ስብከት ይሄዳል፤ የቀረው ለካህናቱ፣ ለዕጣኑና ለጧፉ ይውላል። ጉድለት የለበትም አልልም። ነገር ግን አጥቢያው በራሱ ምእመን ብር ስለሚተዳደር ማንም ከውጭ ተነሥቶ በጀቱን ቆርጦ ቤቱን ሊዘጋው አይችልም።

የጋምቤላ ሀገረ ስብከት ወደዚህ ገና ነው። ምእመኑ በስደተኛ ካምፕ ሬሽን የሚኖር ከሆነ መዋጮ ከምን ይመጣል? ስለዚህ የውጭ ረድኤት ለጊዜው ግድ ነው፤ ለኮሌጁም፣ ለመጽሐፉም፣ ለጳጳሱ መኪና ነዳጅም። ሥራው ያለው ከረድኤቱ ጎን ነው፦ የአጥቢያ ጉባኤ ማቋቋም፣ ገንዘብ ያዥ ማሠልጠን፣ ጥቂትም ብትሆን ምእመኑ የሰጣትን ሳንቲም በመዝገብ ማስፈር፣ የጸሎት መጽሐፉን በኑዌርኛና በአኙዋክኛ ማዘጋጀት፣ የካህናቱን ጉባኤ ውሳኔ የሚሰጥበት ማድረግ። ከኮሌጁ የሚወጡት ወጣቶች ነገ የሀገረ ስብከቱ መምህራንና አስተዳዳሪዎች ናቸው፤ ከእነሱም መካከል ጳጳሳት ይወጣሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ቃለ ዓዋዲን ለብቻው ይዘን እንመለሳለን፤ የሰበካ ጉባኤ ምርጫ እንዴት እንደሚካሄድና ምእመናን ሒሳብ ለመጠየቅ ያላቸውን መብት እናያለን። ጥያቄ ያላችሁ የየአጥቢያችሁን ሊቀ መንበርና ቄሰ ገበዝ ቀድማችሁ ጠይቁ።